«አልነሳ አለ» ሲሉን ምን እያሉን ነው? የናፍጣ ፒክአፕ ብልሽትን ስለመፈለግ
ለአሽከርካሪዎች፣ ለመኪና ባለቤቶችና ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ የመኪና ባለቤቶችና ሠልጣኞች፤

በጋራዥ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «አልነሳ አለ» የሚለው ነው። ባለ መኪናው ይህን ሲለን የገባን ይመስለንና ወዲያው ኮፈን ከፍተን መፍቻ እናነሳለን። ነገር ግን ይህ ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሣት የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር) ያዞራል፣ ነገር ግን እያቃሰተና እየተጎተተ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ግን አልይዝ አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተነሥቶ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ጠፋ ማለት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው ከባትሪና ከሞተሪኖ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በአብዛኛው የነዳጅ፣ የሙቀት ወይም የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ጉዳይ ናቸው። ሳይለዩአቸው ሥራ መጀመር ማለት በባለ መኪናው ገንዘብ መገመት ማለት ነው። የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደ ደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁና፣ ይህ ጉዳይ ለእኔ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የሰው ንብረትን የመጠበቅ ጉዳይም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን በሚወስደው ደጋ ከምትሠራ አንዲት አሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕ ጋር ተገናኘሁ። የሚነዷት በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ማታ ሥራ ሲጨርሱ መኪናዋን ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ያቆማሉ። ሠፈሩ ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች ጭምር፣ ጠዋት እየተንደረደረች በማርሽ እንድትነሳላቸው ነው ብሎ ያምን ነበር። እኔም መጀመሪያ ሳያቸው የመሰለኝ ያው ነው። ወደዚህች መኪና በኋላ እመለሳለሁ፤ ለአሁኑ ግን አቋቋሟን በአእምሯችሁ ያዙልኝ።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሳም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ በተግባር ያሳየው ሐሳብ ዛሬም አልተለወጠም፤ አየር በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ በጋለው አየር ውስጥ ናፍጣ ሲረጭ ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። በአገራችን ገጠር አሁንም በብዛት የሚታዩት ባለ ሜካኒካል ፖምፓ (ናፍጣን ያለ ኮምፒውተር ወደ ሲሊንደር የሚገፋ) የሃይሉክስ ሞተሮች አየሩን ወደ ሃያ ሁለተኛ እጁ ገደማ ያምቁታል፤ በዚህም የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ናፍጣ በራሱ የሚቀጣጠለው ከ200 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል በመሆኑ ሞተሩ ጤነኛ ሲሆን ትርፍ አለው። ይህ ትርፍ ግን የሚገኘው ሞተሩ በቂ ፍጥነት ሲዞር ነው። በዝግታ ከዞረ የታመቀው አየር በፋሻዎቹ (በፒስቶኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) በኩል ያመልጣል፣ ሙቀቱንም የቀዘቀዘው ብረት ይመጠዋል። የደከመ ባትሪ ሞተሩን እያዞረው እንኳ እንዳይነሳ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ በከፍታ የምንኖር ሰዎች ልናስበው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሞተሩ የሚያምቀው አየር ገና ከመነሻው የሳሳ ነው፤ በዚያ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይጨመርበታል። አዋሽ ላይ ቁልፍ እንደተነካ የሚነሳ መኪና ደጋ ላይ አድሮ ጠዋት እንቢ ቢል ሊያስደንቀን አይገባም፤ ድካሙ ቆላም ሳለ ነበረበት፣ ደጋው ገለጠው እንጂ አላመጣውም። ስለዚህ «የት አደረ? ስንት ሰዓት ቆመ? ሲሞቅስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የመካኒክ የመጀመሪያ መሣሪያው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቁልፉ ሲዞር ምንም ከሌለ፣ ወይም ሞተሪኖው እየተጎተተ ከሆነ፣ ስለ ነዳጅ ማሰብ አያስፈልግም። ብዙ ሰው «መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱም ይጮኻል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው» ይላል። አንድ የፊት መብራት የሚወስደው አምስት አምፔር ያህል ሲሆን፣ የናፍጣ ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ አንዱ የሌላውን ሊመሰክር አይችልም። ቴስተር በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አድርጉና አንብቡ፤ ለጥቂት ሰዓት አርፎ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ 12 ቮልት ላይ የወረደ ግን ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጋችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ9.6 ቮልት በታች ከወደቀ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቆይቶ ሞተሪኖው ግን ከተጎተተ፣ ኃይሉ በመንገድ ላይ እየጠፋ ነው። በዚህ ጊዜ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በራሱ በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሞተሪኖው እያዞረ ለኩ። ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ የሞተሩ የመሬት ገመድ (ሞተሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኘው) ዝጓል ወይም ላልቷል ማለት ነው። ቴስተር በሌለበት ገጠር ደግሞ እጃችሁ ይበቃል፤ ለአሥር ሰከንድ ካዞራችሁ በኋላ በባትሪው ራሶች ላይ ያሉትን ማሠሪያዎች ዳብሱ። የጋለው ማሠሪያ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ ሥሩ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ታገኛላችሁ፤ በሙቅ ውኃ አጥቦና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማጥበቅ ብቻ መኪናዋን የሚያስነሳበት ጊዜ ከምትገምቱት በላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከዚህ ጋር ይሂድ። መኪናው ጎርፍ ወይም ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ጠፍቶ፣ ሞተሪኖው ደግሞ በአንድ ምት ድንገት ቀጥ ካለ፣ ደግማችሁ አትሞክሩ፣ አትግፉትም። ውኃ አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ በጉልበት ማዞር የፒስቶኑን ዘንግ ያጎብጣል። በተቃራኒው ሞተሪኖው ከወትሮው ይልቅ ቀልሎትና ፈጥኖ፣ የተለመደው የምት ድምፅ ጠፍቶ የሚዞር ከሆነ፣ የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮላዎቹ ከፒስቶኖቹ ጋር በልክ እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቁሙ። ቫልቮላዎቹ ከፒስቶን ጋር ተጋጭተው ከሆነ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ጉዳቱን ይጨምራል።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ ግን ከሁሉ በፊት ወደ መኪናው ኋላ ሂዱ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ አንድ ሰው ለአሥር ሰከንድ ያህል ያዙር፣ ሌላው የማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) ጫፍ ይመልከት። ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ሰከንድ በላይ አታዙሩ፤ በየመሐሉም ሞተሪኖው እንዳይቃጠል አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉት። ይህ ምርመራ ምንም ዋጋ አይጠይቅም፣ ነገር ግን ሥራውን ለሁለት ይከፍልላችኋል። ከማርሚታው ጭስ የሚባል ነገር ካልወጣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር አልገባም፤ ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ የሚሸት ጭስ ከወጣ ደግሞ ናፍጣው ገብቷል፣ ሊቀጣጠል ግን አልቻለም። ጭስ በሌለበት ማሞቂያ ካንዴላ (ሲሊንደሩን የሚያሞቅ እንጂ ብልጭታ የማይሰጥ) መቀየር፣ ነጭ ጭስ እየተትጎለጎለ የናፍጣ ፊልትሮ መቀየር ሁለቱም ከንቱ ድካም ናቸው፤ ሆኖም በየጋራዡ በየቀኑ ሲደረጉ አያለሁ።

ጭስ ከሌለ ከቀላሉ ጀምሩ። የነዳጅ ጠቋሚው ሊዋሽ ይችላልና ታንኩ ውስጥ ናፍጣ መኖሩን አረጋግጡ። ቀጥሎ ናፍጣው ራሱ ናፍጣ መሆኑን አረጋግጡ። ነዳጅ በሚጠፋበት ጊዜ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ውኃ ወይም ሌላ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ በንጹሕ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቅዱና ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት፤ ውኃ ከናፍጣ ይከብዳልና ከሥር ለብቻው ይተኛል፣ መሐላቸው ያለው መስመርም በዓይን ይታያል። ቤንዚን እንደ ገባ ካወቃችሁ ቁልፉን እንኳ ሳትከፍቱ ታንኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስወጡ።

ቀጥሎ ፖምፓው ነው። በቆዩት ሞተሮች ላይ ባለው ሜካኒካል ፖምፓ ጀርባ ናፍጣውን የሚከፍትና የሚዘጋ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ። ቁልፉ ሲከፈት «ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት አለባችሁ፤ ካልተሰማ ወደ እርሱ የሚሄደው ገመድ 12 ቮልት እንደሚያደርስ ለኩ። አንዲት ተራ ፊውዝ ተቃጥላ ፖምፓ ተፈትቶ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ይህንኑ አድርጌአለሁ፤ ሰውየው ለአሥር ቀን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ዲ-ፎር-ዲ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሃይሉክሶችና የዘመኑ ፒክአፖች ደግሞ ኮመን ሬል የሚባለው፣ ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቧንቧ (ሬል) ተጠራቅሞ ለኢንጄክተሮቹ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ለሚረጩት) የሚከፋፈልበት ሥርዓት ያላቸው ናቸው። እዚህ ላይ ለሠልጣኞቻችን በጥብቅ የምናገረው አለ። በአሮጌው ሞተር የኢንጄክተሩን ቧንቧ አላልቶ ናፍጣ መድረሱን ማየት የተለመደ ነበር፤ በኮመን ሬል ሞተር ላይ ግን ይህን በፍጹም አታድርጉ። ሞተሩ ሲሠራ በሬሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ በዚህ ግፊት የሚወጣ እንደ ክር የቀጠነ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ስለሚመስል ይናቃል፤ ነገር ግን ፈጣን ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው፣ እጅ እስከ ማጣትም ያደርሳል።

በነዚህ ሞተሮች ኢንጄክተሩ የሚረጨው ኮምፒውተሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሞተሪኖው እያዞረ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ የክራንክ ሴንሰሩን (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን) ጠርጥሩ፤ የቁልፍ ምልክት ያለው የጥበቃ መብራት የሚብለጨለጭ ከሆነ ኮምፒውተሩ ቁልፉን አላወቀውም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ በምርመራ መሣሪያው ሞተሪኖው እያዞረ የሬሉን ግፊት አንብቡ፤ 200 ባር አካባቢ እንኳ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው ኢንጄክተሮቹን አያዝም። መሣሪያው «የሬል ግፊት ዝቅተኛ ነው» የሚል ኮድ ሲያወጣ ግን ብዙዎቻችን ፍርድ እንደ ተሰጠ ቆጥረን ፖምፓ እናዛለን። ኮዱ የሚናገረው ግፊቱ እንዳልሞላ ብቻ ነው፤ ለምን እንዳልሞላ አይናገርም። ፊልትሮው ተደፍኖ ይሆናል፣ አየር ገብቶ ይሆናል፣ ፖምፓው ላይ ያለችው የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ተጣብቃ ይሆናል፣ ወይም ኢንጄክተሮቹ ናፍጣውን በመመለሻው በኩል እያሳለፉት ይሆናል። የመጨረሻውን ለመለየት የኢንጄክተሮቹን የመመለሻ ቱቦ ነቅላችሁ በእያንዳንዱ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦና ጠርሙስ አድርጉና አዙሩ። ከአራቱ ጠርሙሶች አንዱ ፈጥኖ ከሞላ አራት ኢንጄክተር መግዛት አያስፈልግም፤ የታመመው ታውቋል።

ነጭ ጭስ ካለ ጉዳዩ ሙቀት ነው፤ የሙቀቱ መንገድ ደግሞ ማሞቂያ ካንዴላና ኮምፕሬሽን (የአየሩ መታመቅ) ናቸው። ማሞቂያ ካንዴላዎችን ለመለካት የሚያያይዛቸውን ብረት ፈትታችሁ እያንዳንዱን ከሞተሩ ብረት ጋር በኦሀም ለኩ፤ ጤነኛው በአብዛኛው ከአንድ ወይም ከሁለት ኦሀም በታች ያሳያል፣ የተቃጠለው ምንም አያሳይም። ከባትሪ ቀጥታ ገመድ ስባችሁ አትሞክሯቸው፤ በአንዳንድ የቆዩ ሞተሮች ላይ ያሉት ከ12 ቮልት በታች የተሠሩ ስለሆኑ ዓይናችሁ እያየ ይቃጠላሉ። አራቱም ደህና ከሆኑ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ እንደሚደርሳቸው አረጋግጡ፤ የሪሌና የትልቁ ፊውዝ ብልሽት አራቱም አንድ ላይ የሞቱ ያስመስላል። ካንዴላው እየሠራ ነጭ ጭሱ ካልጠፋ ኮምፕሬሽን መለካት የግድ ነው። በነዚህ ሞተሮች ጤነኛ ሲሊንደር 30 ባር ገደማ ይሰጣል፤ 20 ባር ላይ የደረሰ ሞተር በደጋ ብርድ ይነሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስታርቲንግ ስፕሬይ የሚባለውን ኤተር ግን ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ አትርጩ። የጋለ ካንዴላ ላይ ሲያርፍ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስቶንና ፋሻ ይሰብራል።

አሁን ወደዚያች ሃይሉክስ ልመለስ። እኔ ዘንድ ከመድረሷ በፊት አንድ ጋራዥ አዲስ ባትሪ ገጥሞላታል፣ አራት ማሞቂያ ካንዴላ ቀይሮላታል፣ በመጨረሻም ፖምፓዋ ተፈትቶ ካሊብሬሽን ተደርጎ ተመልሷል። ሦስቱም ሥራ በደንብ የተሠራ ነበር፤ መኪናዋ ግን ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለቷን አልተወችም። ሹፌሩን «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ቁልቁል የሚያቆሟት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ሽቅብ ካደረች ጠዋት አትነሳም። ቁልቁል ካደረች ግን ሳልገፋት በቁልፍ ትነሳለች» አሉኝ። ይህን ከዚያ በፊት ለማን እንደ ነገሩ ስጠይቃቸው «የጠየቀኝ የለም» አሉ።

ሳይገፏት በቁልፍ የምትነሳ ከሆነ ባትሪው፣ ካንዴላውና ኮምፕሬሽኑ ከጥፋቱ ንጹሕ ናቸው፤ እነርሱ ዳገትና ቁልቁለት አይለዩም። ዳገትና ቁልቁለት የሚለየው በቱቦ ውስጥ የቆመ ናፍጣ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ናፍጣውን ከታንክ የሚስበው ራሱ ፖምፓው እንጂ ታንክ ውስጥ ያለ የሚገፋ ሞተር አይደለም፤ ስለዚህ ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው መስመር ሁሉ መምጠጫ ነው። በመምጠጫ መስመር ላይ ቀዳዳ ሲኖር ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ከመኪናዋ ሥር አንድም ጠብታ ሳይታይ የኖረው። ሽቅብ ስታድር ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ በቦታው አየር ይተካል፤ ቁልቁል ስታድር ግን ፊልትሮው ከታንኩ ከፍታ ጋር ስለሚቀራረብ ናፍጣው ባለበት ይቆያል።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሽቅብ አሳድረናት፣ ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚገባውን ጥቁር ጎማ አውጥተን በዚያው ውፍረት ባለ፣ ውስጡ በሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ተካነው። ያወጣነው ጎማ ባዶ ነበር። ሹፌሩ ሲያዞሩ ማርሚታው ምንም አላጨሰም፤ በቱቦው ውስጥ ግን አንድ ጣት የሚያህል ናፍጣ፣ ከዚያ አየር፣ ከዚያ እንደ አተር የደቀቁ አረፋዎች ተከታትለው ሲያልፉ ሁላችንም ቆመን አየን። ከዚያ ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርገን በአዲስ ቱቦ በቀጥታ ከፖምፓው ጋር አገናኘን፣ አየሩን አወጣን፣ እርሳቸውም ቁልፉን አዞሩ። በሁለተኛው ዙር ተነሣች። በዚህ አንድ ሙከራ ከፖምፓው ጀምሮ ወደፊት ያለው ሁሉ ነጻ ወጣ፤ የቀረን ከታንክ እስከ ፊልትሮ ያለው መንገድ ብቻ ነበር።

የመኪናዋን መስመር መልሰን፣ የሚያሳየውን ቱቦ ከፊልትሮው በፊት አደረግነው፤ ናፍጣው ያለ አረፋ ጥርት ብሎ ደረሰ። ከፊልትሮው በኋላ ስናደርገው አረፋው ተመለሰ። ስለዚህ አየሩ የሚገባው በራሱ በፊልትሮው ራስ ላይ፣ በእጅ ተጭነን ናፍጣ የምንስብባት ፓምፕ ባለችበት ቦታ ነበር። ስንፈታት ከውስጧ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት ደርቃ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተሰነጣጥቃለች፤ በጥፍሬ ስነካት ተቆረሰች። አዲስ የፊልትሮ ራስ ገዝተን ገጠምን፣ አየሩን አወጣን፣ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ።

ሹፌሩ ደስ ብሏቸው ሊሄዱ ሲሉ አስቀረኋቸው። የሞቀ ሞተር ቀን በደልዳላ ቦታ መነሣቱ ቀድሞም ያልጠፋ ነገር ነበርና፣ ስለ ብልሽቱ መዳን የሚመሰክረው ነገር የለም። ከግቢው በስተጀርባ ባለው ዳገት ላይ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርገን፣ ጎማዋን በድንጋይ አስደግፈን አሳደርናት። ሌሊቱን ውርጭ ወረደ፤ በማለዳ ስንደርስ የፊት መስታወቷ ነጭ ሆኖ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እርሳቸው ገቡ፣ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠበቁ፣ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሪኖው ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ከማርሚታው ትንሽ ግራጫ ጭስ ወጣ፣ መኪናዋም ያዘች።